በመስኖ ቦይ ስለሚተላለፈው የአንጀት ቢልሃርዝያና ስለ መከላከያው

በመስኖ የሚያለሙ ማኅበራትን ስለ ቢልሃርዝያ ስንጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ «እኛ ውሃ አፍልተን ነው የምንጠጣው» የሚል ነው። ማፍላቱ የሚመሰገን ነው፤ ለጃርዲያና ለአሜባ መከላከያ ይሆናል። የቢልሃርዝያ መግቢያ ግን ቆዳ ነው። ቦይ ውስጥ በባዶ እግሩ ቆሞ አረም የሚነቅል ሰው አንድ ጉንጭ ውሃ ሳይጠጣ ይያዛል።

በሽታው ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል በጎርፍ ተጠርጎ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በውስጡ ይራባል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች እጮች ወደ ውሃው ይለቀቃሉ። ቆዳ በስተው የሚገቡት እነዚህ ናቸው። ካደጉ በኋላ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ይኖራሉ። የሆድ ቁርጠትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያስከትላሉ፤ በሽታው ሳይታከም ሲቆይ ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ።

ቀንድ አውጣው የሚመቸው ውሃው ቀስ ብሎ የሚሄድበት፣ ደለልና አረም የያዘ ቦይ ነው። እንዲህ ያለው ቦይ ለሰብሉም አይበጅም። ስለዚህ ቦይ መጥረግ ሁለት ጥቅም አለው ማለት ነው። ነገር ግን ማኅበራት ለጠረጋ ሲወጡ አባሎቻቸውን እኩለ ቀን ላይ ውሃ ውስጥ ያሰማራሉ። እጩ በብዛት የሚለቀቀው ደግሞ ፀሐይ በምትጠነክርበት፣ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው! በሽታውን ለመከላከል የወጣው ሰው በሽታውን ይዞ ይመለሳል። ስለሆነም አስቀድሞ ውሃው ከላይ ይዘጋ፤ ጠረጋው ቦዩ ከደረቀ በኋላ ይደረግ። መዝጋት ካልተቻለ ሥራው በማለዳ፣ ቦት ጫማ አድርጎ ይሠራ። የወጣው አረምና ጭቃ ከቦዩ ርቆ ይጣል፤ ዳር ላይ ከተከመረ ዝናብ ሲመጣ ከነቀንድ አውጣው ይመለሳል። ቀንድ አውጣ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ድርቅ ስለሚችል አንድ ጊዜ ማድረቅ አይበቃም፤ እየደጋገሙ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ስለ እንዶድም እንጠየቃለን። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አግኝተዋል። ይሁን እንጂ እንዶድ ዓሣም ስለሚገድል፣ ያለ ጤና ባለሙያ ምክር ወንዝ ውስጥ እንዲጨመር አንመክርም።

ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ዳግመኛ ከመያዝ ግን አያድንም። ሽንት ቤትን በተመለከተ፣ ብዙው ማኅበር በመንደር ሠርቶ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚውልበትን እርሻ ይረሳዋል። እዚያም ይቆፈር፤ ከቦዩም ይራቅ። ልጆች ቦዩን በእግራቸው በሚያቋርጡበት ቦታ ሁለት ግንድ አጋድሞ ድልድይ ማድረግ ወጪው ትንሽ ነው።

ከቦይ የተቀዳ ውሃ፣ ቀንድ አውጣ ሳይገባበት በርሜል ውስጥ ተከድኖ ሁለት ቀን ከቆየ እጩ ስለሚሞት ለገላና ለልብስ መታጠቢያ ይሆናል። ለመጠጥ ግን ያው መፍላት አለበት።