ትንሽ ጉልበት፣ ረጅም ፎቅ

በቺካጎ አየር ላይ ከታላላቆቹ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጎን በሕግ «አነስተኛ ኃይል» የተባሉ ጣቢያዎችም ያሰራጫሉ። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን (ኤፍሲሲ) ለእነዚህ ፈቃድ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ዩኤችኤፍ በተባለው ሞገድ ለአንድ ትልቅ ጣቢያ የሚፈቀደው ኃይል እስከ 1,000 ኪሎዋት ሲደርስ ለትንሹ 15 ብቻ ነው። ከ66 እጥፍ በላይ ልዩነት! ታዲያ ትንሹን ማን ያየዋል?

ብዙ ሰው። ይህ ሞገድ የሚጓዘው እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ ነው፤ መሬት ክብ በመሆኗ ከአድማስ ማዶ ላለ ቤት ኃይሉ ቢጨመርም እንደልብ አይደርስም። አድማሱን የሚያርቀው ከፍታ ነው። አየሩ ሞገዱን ወደ መሬት ጎበጥ ስለሚያደርገው፣ 400 ሜትር ላይ የተሰቀለ አንቴና 80 ኪሎሜትር ገደማ ድረስ «ያያል»። ቺካጎ ደግሞ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ 442 ሜትር የሚረዝመውን ዊሊስ ታወር የመሰለ ሕንጻ ያላት ከተማ ናት። በዚያ ላይ ኃይልን 66 እጥፍ ማሳደግ ርቀቱን በባዶ ሕዋ እንኳ 8 እጥፍ ያህል ብቻ ነው የሚጨምረው። ሕዝቡ ተራርቆ በሚኖርበት ገጠር ይህ የርቀት ማነስ ትልቅ ጉዳት ነው፤ እዚህ ግን ሚሊዮኖች የሚኖሩት አንቴናው ሥር ነው። 15 ኪሎዋት ሲባልም ማሰራጫው ራሱ ያን ያህል ያወጣል ማለት አይደለም። አንቴናው ወደ ላይና ወደ ታች የሚባክነውን ጨረር ሰብስቦ ወደ አድማስ ስለሚልከው፣ ከማሰራጫው የሚወጣው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ የቻናል 6 ነገር ነው። ይህ ቻናል ከ82 እስከ 88 ሜጋኸርዝ ያለውን ቦታ ይይዛል። በአናሎግ ዘመን ድምፁ የሚጓዘው በ87.75 ላይ ስለነበር፣ የመኪና ሬዲዮ 87.7 ላይ ሲደረግ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቁልጭ ብሎ ይሰማ ነበር። ደብሊውአርኤምኢ የተባለው የቺካጎ አነስተኛ ጣቢያ ከ2015 ጀምሮ በዚሁ ቀዳዳ የቆዩ ዘፈኖችን ያሰማል። ትልልቆቹ አናሎግን በ2009 ሲተዉ ለትንንሾቹ እስከ ጁላይ 2021 ጊዜ ተሰጣቸው። ቀነ ገደቡ ሲደርስ፣ የዲጂታሉ ድምፅ በመኪና ሬዲዮ ስለማይሰማ፣ መሐንዲሶቹ የዲጂታሉን ምስል ጠበብ አድርገው የአናሎጉን ድምፅ ከጎኑ አስቀመጡት፤ ኤፍሲሲም በ2023 በመላ አገሪቱ ለ14 ጣቢያዎች ብቻ ይህን ፈቀደ።

የእነዚህ ጣቢያዎች ድክመት ከፊዚክሱ ይልቅ በሕጉ ይብሳል። ትልቁን መረበሽ ክልክል ነው፤ ትልቁ ሲረብሻቸው ግን ችለው ማለፍ አለባቸው። በ2017 በተጠናቀቀው ጨረታ ከቻናል 38 እስከ 51 ያለው ሞገድ በአብዛኛው ለሞባይል ሲሸጥ፣ በ1999 ሕግ «ክላስ ኤ» ተብለው ከለላ ካገኙት በስተቀር ብዙዎቹ ሌላ ቻናል ፍለጋ ተንከራተዋል። ይህ ፍትሕ የጎደለው ይመስለኛል። የስደተኞች ቋንቋና የሰፈር ወሬ አየር ላይ ቦታ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ በእነሱ ነውና።

በአሜሪካ ከተሞች የምትኖሩ አንባቢዎች፣ አንቴናችሁን መስኮት አጠገብ፣ ማሰራጫዎቹ ወዳሉበት አቅጣጫ አድርጋችሁ ቴሌቪዥናችሁን ቻናል አስፈልጉት። ለዩኤችኤፍ ጠፍጣፋዋ የቤት ውስጥ አንቴና ትበቃለች፤ ለቻናል 6 ግን የሞገዱ ርዝመት 3.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ ረጃጅም ዘንግ ያለው አንቴና ያስፈልጋችኋል።