ድምፅ ማጉያ ስንል የትኛውን?

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስታል። አምፕሊፋየሩም ስፒከሩም ድምፅ ማጉያ ይባላሉ። ስፒከር ግን ምንም አያጎላም፤ እንዲያውም ከተሰጠው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ ሁለት እጁን ብቻ ነው፣ የቀረው ኮይሉን አሙቆ ይጠፋል። አጉሊው አምፕሊፋየሩ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ምን እንደሚሆን ያየሁት የሐብሩዋ መርሳ ውስጥ፣ አጎቴ ቤት ነው።

ሣጥኑ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ፊቱ ጨርቅ ለብሷል፣ ጀርባው ክፍት ነው፤ ድሮ ሬዲዮውም ሸክላ ማጫወቻውም ከነቫልቩ፣ ማለትም ከነመስታወት አጉሊው፣ ሆዱ ውስጥ ነበሩ። ቫልቩ ሞተ፣ ስፒከሩ ቀረ። የአጎቴ ልጅ «300 ዋት» የተጻፈበት አምፕሊፋየር ገዝቶ አገናኘውና ድምፁ ቀጠነ። አርጅቷል፣ ይጣል ተባለ።

ከዋቱ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ነውና። በዚያ ዘመን የቤት ሬዲዮ ውስጥ በብዛት ይገባ የነበረው ኢኤል84 የሚባለው ቫልቭ ብቻውን ሲሠራ 5 ዋት ገደማ ቢሰጥ ነው። ስለዚህ ስፒከሩ በጥቂቱ የሚነቃ መሆን ነበረበት፦ ሰፊና ቀላል ወረቀት፣ ጠንካራ ማግኔት። እንዲህ ያለው ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 96 ዴሲቤል ሊያወጣ ይችላል። የዛሬው ትንሽ የመደርደሪያ ስፒከር ግን 84 አካባቢ ነው። የ3 ዴሲቤል ልዩነት የዋት እጥፍ ነው፤ 12 ደግሞ 16 እጥፍ። አሮጌው በ2 ዋት የሚያሰማውን አዲሱ 32 ይጠይቅበታል።

አዲሶቹ ስፒከሮች ለምን ሰነፉ? እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር አየር በማያስወጣ ትንሽ ሣጥን ውስጥ የታፈነውን አየር እንደ ሞላ ተጠቅሞ ጥልቅ ባስ አወጣ። ዋጋው ዋት ነበር። ትራንዚስተር መጥቶ ዋት ሲረክስ ሌሎችም ያንኑ መንገድ ተከተሉ።

እኛ ዘንድ ግን ሸክላው የነገሠው በአሮጌዎቹ ሣጥኖች ዘመን ነው። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስን ሲያቋቁም 45 ዙሩ ሸክላ የሚደመጠው እንዲህ ባለው ዕቃ ነበር። የሰው ድምፅና ማሲንቆ ደግሞ በአብዛኛው የሚውሉት የወረቀት ስፒከር ሳይጨነቅ በሚያወጣው መካከለኛ ድምፅ ላይ ነው። ድምፃዊቷን ማሪቱ ለገሰን በአምባሰል በዚያ ሣጥን የሰማ ሰው ባስ ጎደለ ብሎ የሚያማርር አይመስለኝም።

ታዲያ 300 ዋቱ ምን በደለ? ነገሩ የኃይል ሳይሆን የፍሬን ነው። ኮይሉ ማግኔት ውስጥ ሲንቀሳቀስ ራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያ ኤሌክትሪክ ተመልሶ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ በቀላሉ ካለፈ ወረቀቱን ይይዘዋል። በቤታችሁ ሞክሩት፦ ከምንም ያልተያያዘ ትልቅ ስፒከር ወረቀቱን በጣት ቀስ ብላችሁ ምቱ፣ «ዱም» ይላል። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በሽቦ አገናኝታችሁ ድገሙት፤ «ጥፕ» ብሎ ይደርቃል። የ300 ዋቱ ትራንዚስተር እንደዚያ ሽቦ ነው። ቫልቩ ፍሬኑ የላላ ስለሆነ የድሮ ሠሪዎች ክፍት ሣጥናቸውን በዚያው ልክ ቀርጸውት ነበር፤ ባሱ የሚመጣው ከዚያ ከልቅነቱ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ለ8 ኦም ስፒከር በአንዱ ሽቦ ላይ ፍሬኑን የሚያላላ 4 ኦም ገደማ፣ 10 ዋት የሚችል ሬዚስተር መቀጠል። መርሳ አጥተነው ወልድያ ከአሮጌ ቴሌቪዥን የተፈታ ነጭ ሴራሚክ አገኘን።

ከዚያ በፊት ግን ስፒከሩ ጤነኛ መሆኑን አየን። በቴስተር ሲለካ 6 ኦም ገደማ አሳየ፤ 8 የሚባለው እንዲያ ነው የሚነበበው፣ አትደንግጡ። 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ጫፎቹን ለቅጽበት ሲነካቸው ወረቀቱ «ቱክ» ብሎ ወደ ውጭ ዘለለ። በጣት ሲገፋም አልፋቀም፤ ቢፋቅ ኮይሉ ተጣሟል ማለት ነበር።

መብራት ሲጠፋ የመኪና ቴፕ በባትሪ ለሚያስሩትም ይኸው ስፒከር ይሻላል። በ12 ቮልት ሁለቱንም የስፒከር ሽቦ የሚነዳ ቴፕ 8 ኦም ላይ ቢበዛ 9 ዋት ያህል ነው የሚወጣው፣ ሣጥኑ ላይ የፈለገው ቁጥር ይጻፍ። ለ96 ዴሲቤል ስፒከር ሰርግ ነው። ዋት ለመጨመር ብሎ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ማሰር ግን 2 ኦም ስለሚሆን ቴፑን ያቃጥላል። ቫልቭ ያለው ዕቃ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ያለ ስፒከር ከተከፈተ ትራንስፎርመሩን ይበላል።

ሌላው የከፍታ ነገር ነው። ወልድያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ወረቀቱ የሚገፋው ነገር ስለቀነሰ ያው ስፒከር 2 ዴሲቤል የሚጠጋ ያጣል፣ ለማካካስ ግማሽ ያህል ዋት መጨመር ነው። መርሳ ዝቅ ስለምትል ኪሳራዋም ያንሳል። ጆሮ ይህን ብቻውን አይለይም፤ ደካማ አምፕሊፋየርና ሰነፍ ስፒከር ሲገጣጠሙ ግን ይታወቃል።

ሬዚስተሩን በብየዳ ካሰርነው በኋላ ልጁ ሸክላውን አስቀመጠ። ቁልፉን ገና ሩብ ሳያዞር አጎቴ ከጓዳ ተጣሩ፤ «ኧረ ቀንሱት፣ ጎረቤት አለ!»