የዝዋይ ደሴቶች አፈ ታሪክና የዛይ ቋንቋ ምስክርነት

ከአዳማ በስተደቡብ፣ በምሥራቅ ሸዋና በአርሲ ዞኖች መካከል የሚገኘው የዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ አምስት ደሴቶችን ያቀፈ ነው። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን፣ ስያሜው በኦሮምኛ ‹‹ትልቁ ተራራ›› ማለት ነው።

በደሴቱ በሚገኘው የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም እንደሚነገረው፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን በወረረች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ በመሸሽ ለዓመታት ሸሽገው አቆይተዋታል። የደሴቶቹ ነባር ነዋሪዎች ዛዮችም ከፊል የዘር ሐረጋቸውን ከእነዚሁ ስደተኞች ይመዝዛሉ። በገዳሙ የተጠበቁት ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትም ለትውፊቱ ክብር ጨምረውለታል።

የቋንቋ ጥናት ግን ሌላ ፍንጭ ይሰጣል። ዛይኛ ሴማዊ ቋንቋ ቢሆንም፣ ከግዕዝና ከትግርኛ ይልቅ ለስልጥኛና ለሐረሪ ይቀርባል። ይህም የቋንቋው መሠረት ከአክሱም ይልቅ ከእነዚህ ሕዝቦች ታሪክ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ያመለክታል። ሁለቱ መረጃዎች የግድ አይጋጩም፤ ጥቂት ካህናት በተጠለሉበት ደሴት በተለያየ ዘመን ከሌላ አካባቢ የመጣ ሕዝብም ሊሰፍር ይችላል።

አሳሳቢው ጉዳይ የምስክሩ መዳከም ነው። በርካታ ዛዮች ደሴቶቹን ለቀው በባቱ፣ በመቂና በሐይቁ ዳርቻ ሰፍረዋል፤ በዚያም ኦሮምኛና አማርኛ የዕለት ተዕለት መግባቢያ ሆነዋል። አፈ ታሪኩ በማናቸውም ቋንቋ ሊተረክ ይችላል። ዛይኛ ከጠፋ ግን በውስጡ ያለው የታሪክ ማስረጃ አብሮት ይጠፋል።

በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ የባህልና የቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ቅርስ ሲመዘግቡ፣ ከታቦቱ ትውፊትና ከብራናዎቹ ጎን ለጎን የአረጋውያኑን ንግግር በድምፅ ቀርጸው ማቆየት ይጠበቅባቸዋል።