ስለ ስኳር በሽታና ስለ መሶባችን

የስኳር በሽታ የያዘው ሰው ውኃ ጥም ይበዛበታል፤ ሌሊት ለሽንት ይመላለሳል፤ እየበላም ይከሳል። የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦና ድንች በሆድ ውስጥ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ደግሞ ይህን ስኳር ከደም ወደ ሰውነት ያስገባዋል። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሲደክም ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማችና ከሽንት ጋር ይወጣል።

ብዙ ሰዎች «የሀብታም በሽታ» ይሉታል። እኛ በዚህ አንስማማም። በከተማ፣ ይኸውም እንደ ላፍቶ፣ ጀሞና ለቡ ባለ ሰፈር፣ የሚበዛው ብዙ ጊዜ ከውፍረት ጋር የሚመጣው ዓይነት ነው። በጎንደር ዙሪያ ገጠር ግን ሐኪሞች ከሲታና ድኃ የሆኑ ገበሬዎችን በዚሁ በሽታ ተይዘው ሲያክሙ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል።

ይህን ማወቅ ለእናቶች ትልቅ ጥቅም አለው። ወፍራሙ ሰው ምግቡን ቀነስ ቢያደርግ ይጠቀማል፤ ከሲታው ግን ጎረቤት «ስኳር አለብህ፣ እንጀራ ተው» ስላለው ቢራብ ይጎዳል። ልጅ ከሆነማ ጭራሽ ምግብ አይከለከልም። ኢንሱሊን የታዘዘለት ልጅ መርፌው ቢቋረጥበት በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር፣ ስለ ምግቡም እዚያው መጠየቅ ያስፈልጋል።

እስቲ አሁን ወደ መሶቡ እንምጣ። ከአንድ ትሪ አምስት ስድስት ሆነን ስንበላ ማን ምን ያህል እንደ በላ አይታወቅም። በዚያ ላይ ጉርሻው አለ፤ «በሞቴ» አለ፤ እንግዳ ሆኖ የሄደ በሽተኛማ አያመልጥም! እኛ የምንመክረው የበሽተኛው ድርሻ በሳህን ተለይቶ እንዲቀርብ ነው። የሳህኑ እኩሌታ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ ይሁን፤ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ፤ የቀረው ሩብ እንጀራ። የጤፍ እንጀራ ከነጭ ዱቄት ዳቦ ይሻላል፤ ቢሆንም ሲበዛ እሱም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ለበሽተኛው ሌላ ድስት መጣድ ግን አያስፈልግም፤ ዘይቱና ጨው ያልበዛበት ይኸው ወጥ ለባልም ለልጆችም ይስማማል። ጎመኑን ከጓሮ መቁረጥ ነው፤ ጓሮ የሌላት የከተማ እናት ከላፍቶ አትክልት ገበያ ትገዛለች።

ከምግቡ ይልቅ መጠጡ ያታልላል። በአንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይህም 7 ወይም 8 የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ቡናውንና ሻይውን ያለ ስኳር መልመድ ይቻላል። ማርም ያው ስኳር ነው፤ «የተፈጥሮ ነው» ማለት አያድንም። አብሽ መጠጣት የሚወድ ሰው ይጠጣ፤ ብቻ ክኒኑን ወይም መርፌውን ትቶ አይደለም።

በጾም ወራት ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚውጥ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገር። ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ነገር ሲምታታበት ካያችሁ ጾም ነው ብላችሁ አትዘግዩ፤ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት። በሩብ ሰዓት ካልተሻለው ድገሙለት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን ይታነቃልና በአፉ ምንም አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።