ቀለም፣ ቅባትና ሰም፦ በእጅ የተቀረጸ የቆዳ ዕቃ በባሌ ደጋ ዝናብ ፊት

(ለተማሪዎችና ለመምህራን በሮቤ የቀረበ ሕዝባዊ ትምህርታዊ ንግግር ጽሑፍ)



ንግግሬን የምጀምረው በአንድ ኮርቻ ነው። ባለፈው ክረምት ከተማሪዎቼ አንዱ የአባቱን ኮርቻ ተሸክሞ ወደ ቢሮዬ መጣ። የኮርቻው ግራና ቀኝ በእጅ በተቀረጸ ሐረግ ያጌጠ፣ ሐረጉም በቀይና በጥቁር ቀለም የተሞላ፣ ለዐይን እጅግ የሚያምር ሥራ ነበር። አባትየው ግን ከጎባ ወደ ሮቤ ሲመለሱ ዝናብ አገኛቸው፤ ከቤት ሲደርሱ ቀዩ ቀለም ነጭ ጋቢያቸው ላይ ተጋብቶ ነበር። ጋቢስ ይታጠባል። የከፋው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ በዚያው ሳምንት ኮርቻውን ከፈረሱ ሆድ ጋር የሚያያይዘው ጠፍር ከዘለበቱ አጠገብ ተበጠሰና አባትየው ከነኮርቻው ወደቁ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ከሕመም በቀር ለከፋ ነገር አልተዳረጉም። የተማሪው ጥያቄ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፦ «ኮርቻውም ጠፍሩም በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ሰሞን የተቀቡ ናቸው። አንዱ ቀለሙን ለቀቀ፤ ሌላው ቀለሙን እንደያዘ ተበጠሰ። ለምን?»

የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። መልሱን በአጭሩ አስቀድሜ ልናገር። ቆዳን መቀባትና ከውኃ መጠበቅ አንድ ሥራ ሳይሆን ቅደም ተከተል ያላቸው ሦስት ሥራዎች ናቸው። እነርሱም ቀለም፣ ቅባትና መሸፈኛ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ወይም መሸፈኛው ከዕቃው አገልግሎት ጋር ሳይስማማ ሲቀር፣ ውበቱ ለጉዳቱ መደበቂያ ይሆናል።

ዕቃውና አገሩ

ሮቤና ጎባ በ14 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚጎራበቱ የደጋ ከተሞች ናቸው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጎባ በስተደቡብ የሰነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ይዘረጋል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍም 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚህ አገር ፈረስ የጌጥ እንስሳ ብቻ አይደለም፤ ገበያ መሄጃ፣ ከብት መጠበቂያ፣ ለሠርግና ለለቅሶ መድረሻ ነው። በአፋን ኦሮሞ ኮራ የሚባለው ኮርቻም የቤተሰብ ንብረት ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ይህ አየር ንብረት ለቆዳ ቀላል አይደለም። የባሌ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገና እና በቦና ወቅቶች ያመርታል፤ ይህም ማለት የቆዳ ዕቃው በዓመት ሁለት ጊዜ የዝናብ ወራትን ያሳልፋል ማለት ነው። በዝናቡ መካከል የሚወጣው ፀሐይ ደግሞ ብርቱ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሮቤ ላይ የተሰጣ ኮርቻ በባሕር ዳርቻ ከተሰጣው ይልቅ ቀለሙ ቶሎ ይገረጣል።

ቆዳን መቅረጽና ማስጌጥ በአገራችን ጥንታዊ ሙያ ነው። የብራና መጻሕፍት የእንጨት ገበታ በቆዳ ተሸፍኖ፣ በቆዳው ላይ በጋሉ ትናንሽ ብረቶች መስቀልና ሐረግ ይታተምበታል። በሙዚየሞች ተጠብቀው የሚገኙት የአርሲ ኦሮሞ ጋሻዎችም ተነሥቶና ተጎድጉዶ በሚታይ ጌጥ ያማሩ ናቸው። ቀስተኛ በክንዱ ላይ የሚያስረው የቆዳ መከላከያና የፍላጻ ማኅደሩም በብዙ የዓለም ክፍል በዚሁ መንገድ ተቀርጸው ይቀባሉ። የክንድ መከላከያ በየውርወራው የቀስት ገመድ ይገርፈዋል፤ ጠፍር በየእርምጃው ይታጠፋል። ችግራቸው አንድ ነው፤ ቀለሙ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ የተቀባ ነው።

ቆዳውን ማወቅ

ቆዳ እርስ በርስ የተጠላለፉ የኮላጅን ክሮች መረብ ነው። ጥሬ ቆዳ በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ሲደርቅም ይደርቃል፣ ይሰበራል። ማልፋት የሚባለው ሥራ ክሮቹን ከመበስበስ የሚጠብቅ ነገር ወደ መረቡ ማስገባት ነው። የአገራችን ባለሙያዎች ለዚህ የእምቧይ ፍሬን፣ የግራር ቅርፊትንና ሌሎች ታኒን ያላቸውን ዕፀዋት ሲጠቀሙ ኖረዋል። ፋብሪካዎች ግን በአብዛኛው በክሮም ጨው ያለፋሉ፤ ይህ ዘዴ በ19ኛው መቶ ዘመን የተፈለሰፈና እጅግ ፈጣን ነው።

ልዩነቱ ለቀራጩ ወሳኝ ነው። በዕፀዋት የለፋ ቆዳ በመጠኑ ሲረጥብ ጭቃ እንደሚቀበለው ሁሉ የብረቱን ምልክት ይቀበላል፤ ሲደርቅም ይዞት ይቀራል። በክሮም የለፋው ግን እንደ ስፖንጅ ተመልሶ ይነሣል። ልዩነቱ በሙቀትም ይታያል። በዕፀዋት የለፋ እርጥብ ቆዳ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይኮማተራል፤ በክሮም የለፋው ግን 100 ዲግሪን ሊችል ይችላል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ስለ ሰም ስናገር እመለስበታለሁ።

ቀለም፦ የተጠማ ቆዳ ላይ

ቀለም ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ወደ ክሮቹ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ነው። የቀንጣፋ ቀይና የመቅመቆ ሥር ቀለም ከዚህ ወገን ናቸው፤ በገበያ የሚገኙት በአልኮል የሚሟሙ የቆዳ ቀለሞችም እንዲሁ። ሁለተኛው በገጽ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ የሚቀመጥ ነው፤ አክሪሊክ ቀለም ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ለሰፊው መደብ ዘላቂው የመጀመሪያው ሲሆን፣ በተቀረጸው ሐረግ ጎድጓዳ ውስጥ ለሚገባ ደማቅ ቀለም ደግሞ ሁለተኛው ይመቻል፤ ምክንያቱም ጎድጓዳው ከፍትጊያ ይጠብቀዋል።

ሁለቱም አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ቆዳው የተጠማ መሆን አለበት። ቅቤ ወይም ሞራ የጠጣ ቆዳ ቀለም አይቀበልም፤ ቀለሙ በቅባቱ ላይ ተንሳፍፎ ይደርቅና ዝናብ ሲነካው ይሄዳል። ስለዚህ ቅርጹ ከታተመና ቆዳው በጥላ ከደረቀ በኋላ ቅባት ሳይነካው ቀለሙ ይቀባል። በአንድ ወፍራም ቅብ ፈንታ ሁለት ሦስት ስስ ቅብ፣ በየመካከሉም ሙሉ ማድረቅ ያስፈልጋል። በመጨረሻ በነጭ ጨርቅ ይታሻል፤ ያልተያዘው ትርፍ ቀለም ጨርቁ ላይ ይቅር እንጂ የሰው ጋቢ ላይ አይቅር።

ለደጋ ነዋሪ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አክሪሊክ ውኃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተዋሕደው ሽፋን ይሆናሉ፤ ብርድ ግን ይህን ውሕደት ያሰናክላል። ብዙዎቹ ከ10 ዲግሪ በታች እንዳይቀቡ የሚመከረው ለዚህ ነው። የሮቤ ሌሊት ከዚያ በታች ስለሚወርድ ማታ የተቀባ ዕቃ ጠዋት የደረቀ ቢመስልም ሽፋኑ ዱቄት ነው። ሥራው ረፋድ ላይ ተጀምሮ ብርዱ ሳይመጣ ማለቅ ይገባዋል።

ስለ ጥቁር ቀለም ለብቻው ልናገር። ብረት ከታኒን ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ቀለም ይሰጣል። የዛገ ብረት በሆምጣጤ ዘፍዝፎ ቆዳ ማጥቆር በብዙ አገር የታወቀ ጥበብ ነው። ነገር ግን መጠኑ ሲበዛና አሲዱ ሳይታጠብ ሲቀር፣ ብረቱ የቆዳውን ክሮች ቀስ በቀስ ይበላቸዋል። ይኸው ነገር የዛገ ዘለበት ጠፍርን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ያለ ማንም ፈቃድ ይፈጸማል።

ቅባትና ሰም፦ መዝጋት ሳይሆን ማዘግየት

ቀለሙ ከያዘ በኋላ ቅባት ይከተላል። የቅባት ተግባር ማብረቅ አይደለም፤ ክሮቹ ሲታጠፉ እርስ በርሳቸው እንዲንሸራተቱ ማድረግ ነው። ቅቤ ለዘመናት አገልግሏል፤ ሆኖም ሲቆይ ይሻግታል፣ በገጹም ላይ ነጭ ብናኝ ያወጣል። የጉሎ ዘይት ስለማይደርቅ ይሻላል። ተልባ በባሌ የሚበቅል ሰብል በመሆኑ ብዙዎች ዘይቱን ይመርጡታል፤ ነገር ግን የተልባ ዘይት በአየር ደርቆ ስለሚጠነክር ለሚታጠፍ ጠፍር አይስማማም። በተጨማሪም በእርሱ የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ መድረቅ አለበት።

በመጨረሻ መሸፈኛው ይመጣል። የሐረና ደን ማር እንዳለው ሁሉ ሰምም አለው። አንድ እጅ ንጹሕ ሰም በሁለት እጅ የማይደርቅ ዘይት ቀልጦ የሚዘጋጅ ቅብ ለደጋ ዝናብ ጥሩ መከላከያ ነው። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ማቅለጡም በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን በሚፈላ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይሁን። በሮቤ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሰሙ አይቃጠልም። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁን ቁጥር እዚህ ላይ አስታውሱ። በዕፀዋት የለፋ እርጥብ ቆዳ ከ70 ዲግሪ ጀምሮ ስለሚኮማተር፣ ቆዳው ፍጹም ደረቅ፣ ቅቡም ለእጅ ለብ ያለ ሆኖ መቀባት አለበት። ትኩስ ሰም እርጥብ ጠፍር ላይ ማፍሰስ ጠፍሩን መቀቀል ነው።

እንግዲህ ዋናው መርሕ ይህ ነው። ሰም ውኃን ያዘገያል እንጂ አይዘጋም። ዝናብ ቢዘልቅ እንኳ እርጥበቱ በሥጋው ወገን ተመልሶ ይወጣል። ለዚህም የሥጋው ወገን በወፍራም ሽፋን መታፈን የለበትም። የእንጨት ቫርኒሽ ግን የሚሠራው ለማይታጠፍ ነገር ነው። ጠፍር ላይ ሲቀባ ያብረቀርቃል፤ በታጠፈ ቁጥር ግን በዐይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል። ውኃው በስንጥቁ ይገባል፤ መውጫ ግን አያገኝም።

ወደ ኮርቻው ስንመለስ

የተማሪው ጥያቄ አሁን ተመለሰ ብዬ አምናለሁ። የኮርቻው ቆዳ አስቀድሞ ቅቤ ጠጥቶ ስለነበር ቀዩ ቀለም ከላይ ቀረ፤ ዝናቡም አጠበው። ጠፍሩ ደግሞ በቫርኒሽ ታፍኖ ነበር። እርጥበቱ ከዘለበቱ ሥር ተከማቸ፣ ብረቱ ዛገ፣ ዝገቱ ከታኒኑ ጋር ተዋሐደ፣ ክሮቹም ተበሉ። ቫርኒሹን ስንፍቀው ከሥሩ ያለው ቆዳ እንደ ከሰል ጠቁሮ በጥፍር ይፈረፈር ነበር። ከላይ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ያብረቀርቅ ነበር።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ቤተ ሙከራ ያለው ሰው የቀለምን ፍትጊያ የመቋቋም ዓቅም በአይኤስኦ 11640፣ የመታጠፍ ጽናትን በአይኤስኦ 5402 መለካት ይችላል። ቤተ ሙከራ የሌለው ባለሙያም ሦስት ቀላል ፍተሻዎች አሉት። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሃያ ጊዜ ማሸትና ጨርቁን ማየት፤ የውኃ ጠብታ አኑሮ ቶሎ መስረጉን ወይም ተንከባሎ መቆየቱን መመልከት፤ በተመሳሳይ ቁራጭ ቆዳ ላይ የተቀባውን መቶ ጊዜ አጥፎ ስንጥቅ መፈለግ። ሦስተኛውን ያላለፈ ቅብ ለጠፍር፣ ለልጓም ማሰሪያና ለእርካብ ማንጠልጠያ ፈጽሞ አይሁን።

ስለ ባለሙያው

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ስለ አንድ ዕዳችን ልናገር። በታሪካችን የጀግኖች ፈረሶች ስም አላቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል። ኮርቻውን የሠራው ሰው ግን ስሙ አልተጻፈም፤ ቢጠራም በስድብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ቆዳ የሚያለፉ ቤተሰቦች በብዙ ቦታ በጋብቻና በማኅበር ተገልለው ኖረዋል። የተናቀ ሙያ ደግሞ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ልጆቹም ሊወርሱት አይወዱም።

የተማሪዬ አባት ኮርቻ ላይ ቫርኒሽ የቀባው ወጣት ሰነፍ አልነበረም፤ ቅርጹ ለእጁ ጥበብ ምስክር ነው። የጎደለው በቅርጹና በመሸፈኛው መካከል ያለው ዕውቀት ነበር፤ እርሱን ሊነግሩት የሚችሉት አረጋውያን ደግሞ በእግር ጉዞ ርቀት ላይ ነበሩ። ስለዚህ ለእናንተ ለተማሪዎች የማቀርበው የቤት ሥራ ይህ ነው። ለጥናታችሁ ርእስ ስትፈልጉ ወደ ገበያ ውረዱ፤ ከባለሙያው አጠገብ ተቀመጡ፤ የሚጠቀምበትን ዕፅና መጠን ጻፉ፤ ስሙንም በፈቃዱ ከጽሑፋችሁ መጀመሪያ ላይ አኑሩ። ከዚያም የተናገረውን በቤተ ሙከራ ፈትሹ፤ ውጤቱንም መልሳችሁ ለእርሱ ንገሩት። ወስዶ አለመመለስ ጥናት አይባልም።

ያ ኮርቻ ዛሬ አዲስ ጠፍር አግኝቶ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። ጠፍሩ አያብረቀርቅም፤ በሰምና በጉሎ ዘይት ታሽቶ ደብዘዝ ያለ ነው። ዝናብ ሲመጣ ግን ጠብታው በላዩ ይንከባለላል።