ሰፈርን የሚያስውቡ እጆች፦ የአትክልት ክበብ ምንድን ነው?

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች በከተማችሁ መንገድ ዳር፣ በአደባባይ መካከል ወይም በቤተ መጻሕፍት በር አጠገብ ያማረ የአበባ መደብ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጠጋ ብላችሁ ብትመለከቱ ከአበቦቹ መካከል የአንድ የአትክልት ክበብ ስም የተጻፈባት ትንሽ ሰሌዳ ታገኙ ይሆናል። ብዙዎቻችን ይህን ሁሉ የሚሠራው ማዘጋጃ ቤቱ ነው ብለን እናልፋለን። ብዙ ጊዜ ግን አፈሩን የቆፈሩት፣ አረሙን የነቀሉትና በሐምሌ ሙቀት ውሃ ተሸክመው የመጡት ደመወዝ የማይከፈላቸው ጎረቤቶቻችን ናቸው። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ሥራቸውስ ከማሳመር ያለፈ ምን ጥቅም አለው?

ክበቡ ምንድን ነው?

የአትክልት ክበብ አትክልትና አበባ መንከባከብ የሚወዱ ሰዎች በአንድ ከተማ ወይም ሰፈር የሚያቋቁሙት የበጎ ፈቃድ ማኅበር ነው። አብዛኛውን ጊዜ አባላቱ በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ አነስተኛ ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ስለ አፈር፣ ስለ ተባይ፣ ስለ ዛፍ አገራረዝ ከባለሙያ ይማራሉ። ብዙ ክበቦች የሚሰበሰቡት በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በቤተ መጻሕፍት ነው። በጸደይ ወራት ከየጓሮአቸው ያፈሉትንና የከፈሉትን ተክል አምጥተው ይሸጣሉ፤ ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ለሕዝብ ቦታዎች ተክል መግዣ፣ አንዳንድ ጊዜም ለተማሪዎች የትምህርት ድጋፍ ይውላል።

ከየት ተነሣ?

በአሜሪካ የመጀመሪያው የአትክልት ክበብ ተብሎ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1891 በጆርጂያ ግዛት በአቴንስ ከተማ የተመሠረተው ነው። ጀማሪዎቹ 12 ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ክበቦች በየግዛቱ እየበዙ ሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ1929 የግዛት ማኅበራትን የሚያስተባብር አገር አቀፍ ድርጅት ተቋቋመ። የዚህ ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤት ዛሬ በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ከተማ ይገኛል።

ክበቦቹ ከራሳቸው ጓሮ አልፈው ለሕዝብ መሥራት የጀመሩት ገና በጠዋቱ ነው። የቨርጂንያ የአትክልት ክበብ እ.ኤ.አ. በ1927 የአበባ ትርኢት አዘጋጅቶ ባገኘው 7,000 ዶላር በፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን መኖሪያ በሞንቲቼሎ የነበሩ ያረጁ ዛፎችን አዳነ። ከሁለት ዓመት በኋላም ሰዎች የየቤታቸውን የአትክልት ስፍራ ለጎብኚ ከፍተው ገንዘብ የሚሰበስቡበትን ሳምንት ጀመረ። ይህ ልማድ ዛሬም በየጸደዩ ይቀጥላል፤ ገቢውም የጥንት የአትክልት ስፍራዎችን ለማደስ ይውላል።

እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ የኒው ጀርሲ ክበቦች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለዘመቱ ልጆቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን በአውራ ጎዳና ዳር 8,000 የዶግዉድ ዛፎች ተከሉ። በዓመቱ አገር አቀፉ ድርጅት ሐሳቡን ተቀብሎ በመላው አገሪቱ አስፋፋው። በአውራ ጎዳናዎችና በማረፊያ ቦታዎች ሰማያዊ ኮከብ ያለበት የመታሰቢያ ሰሌዳ ስታዩ ታሪኩ ይህ ነው። ኮከቡም የተወሰደው ልጅ የዘመተባቸው ቤተሰቦች በመስኮታቸው ይሰቅሉት ከነበረው ባንዲራ ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ሁሉ አበባ ብቻ አይደለም። በዘር መለያየት ዘመን በደቡብ ግዛቶች የነበሩ ብዙ ክበቦች ጥቁሮችን በአባልነት አይቀበሉም ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ1932 በቨርጂንያ፣ በሃምፕተን ኢንስቲትዩት የራሳቸውን የአትክልት ክበቦች ኅብረት መሠረቱ። መንገዳቸው ባልተጠረገበት፣ የከተማው አገልግሎት በማይደርስበት ሰፈር ራሳቸው ግቢአቸውን፣ ትምህርት ቤታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን አስዋቡ።

ማሳመር ብቻ ነውን?

«ሰው በተቸገረበት ዘመን አበባ መትከል ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት በፔንስልቬንያ ግዛት በፊላደልፊያ ከተማ የተደረገ ጥናት ይረዳናል።

በዚህች ከተማ ቤት ፈርሶባቸው ቆሻሻ የሚጣልባቸው እጅግ ብዙ ባዶ ቦታዎች ነበሩ። ተመራማሪዎች 541 የሚሆኑትን መርጠው በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው። በመጀመሪያዎቹ ላይ ቆሻሻው ተነሥቶ ሣር ተዘራ፣ ጥቂት ዛፎች ተተከሉ፣ ዙሪያውም በአጭር የእንጨት አጥር ታጠረ። በሁለተኛዎቹ ላይ ቆሻሻ ብቻ ተነሣ። ሦስተኛዎቹ እንዳሉ ተተዉ። ሥራውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1827 የተመሠረተው የፔንስልቬንያ የአትክልት ማኅበር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። በለሙት ቦታዎች አጠገብ ከሚኖሩ ሰዎች መካከል የመንፈስ ጭንቀት ይሰማኛል የሚሉት፣ ምንም ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸር፣ በ41.5 በመቶ ቀነሱ። በድህነት በተጎዱ ሰፈሮች የጠመንጃ ጥቃት በ29 በመቶ ቀነሰ። ቆሻሻ ብቻ በተነሣባቸው ቦታዎች ግን በነዋሪዎቹ የአእምሮ ጤና ላይ ጉልህ ለውጥ አልታየም። ወጪውስ? አንድን ቦታ ለማልማት በአማካይ 1,600 ዶላር፣ ለመንከባከብ ደግሞ በዓመት 180 ዶላር ገደማ ነበር።

ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል? በጥሻ በተሸፈነ ቦታ ጠመንጃ መደበቅ ቀላል ነው፤ በታጨደ ሣር ላይ ግን አይቻልም። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ከጎረቤቱ ጋር ሲነጋገር ሰፈሩን የሚያየው ዓይን ይበዛል። ከሁሉ በላይ የተንከባከቡት ቦታ «እዚህ የሚኖር ሰው አለ፤ የሚያስብለትም አለ» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። አጥሩም አጭር የሆነው ሰውን ለመከልከል ሳይሆን ቦታው ባለቤት እንዳለው ለማሳየት ነው።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

1. የውሃ ጉዳይ፦ ተክሎ ፎቶ መነሣት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ውሃ ማጠጣት ግን የክረምትና የበጋ ሥራ ነው። አዲስ ዛፍ ሥሩ እስኪያዝ ቢያንስ ሁለት ዓመት በደረቅ ወራት ክትትል ይፈልጋል። ብዙ ዕቅዶች የሚሞቱት በመትከያው ቀን ሳይሆን ሁሉም ለዕረፍት በሄደበት ወር ነው።

2. የተክል ምርጫ፦ ያማረ ሁሉ አይጠቅምም። በጸደይ ነጭ አበባ የሚያለብሰው ብራድፎርድ የተባለው ዛፍ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ዘሩ ከቻይና የመጣ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ለገበያ ቀርቦ በየመንገዱ ዳር ለውበት ተተከለ። ብቻውን ፍሬ አያፈራም ተብሎ ነበር፤ ከሌሎች ዓይነቶች ጋር ሲዳቀል ግን ያፈራል። ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየሜዳው በተኑት፤ የበቀለውም እሾሃማ ሆኖ የአገሩን ዕፅዋት አፈናቀለ። ቅርንጫፉም በነፋስ ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኦሃዮ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ፔንስልቬንያና ሳውዝ ካሮላይና ደግሞ በ2024 ሽያጩን ከለከሉ። ዛሬ ብዙ ክበቦች ለአካባቢው ንብና ቢራቢሮ ምግብ የሚሆኑትን የአገሩን ተክሎች የሚመርጡት ከእንዲህ ያለው ስሕተት ተምረው ነው።

3. የሰው ጉዳይ፦ በብዙ ክበቦች አባላቱ እያረጁ ነው። መንበርከክ ሲያቅታቸው የሚተካቸው ወጣት ካልመጣ፣ ለሠላሳ ዓመት የለማ መደብ በሁለት ዓመት ውስጥ አረም ይውጠዋል።

እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን?

ከኢትዮጵያ ስንመጣ የአትክልትን ነገር ረስተን አልመጣንም። በየጓሮው ጎመን፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ አልፎ አልፎም ጌሾ የሚያበቅሉ እናቶችና አባቶች በመካከላችን አሉ። አብዛኞቹ ግን ይህን እውቀት ከአጥራቸው ውጭ አላወጡትም። ጎረቤት የሆነው ክበብ ደግሞ እንዲህ ያለ እጅ ይፈልጋል። አዲስ አባል መሆን የሚቸግር ነገር አይደለም፤ በተክል ሽያጩ ቀን ሄዶ ሰላምታ መስጠት በቂ መጀመሪያ ነው። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ወላጆቻችን እንኳ ዶማና ውሃ ማጠጫ ብዙ ንግግር አይጠይቁም።

አንድ ማኅበር ወይም የቤተ ክርስቲያን ኅብረት በራሱ መጀመር ከፈለገ የሚከተሉትን ልብ ይበል፦

• ቦታው የማን እንደሆነ አጣርቶ በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ። የመንገድ ዳር ብዙ ጊዜ የከተማው ወይም የግዛቱ ነው።

• ከመቆፈር ጥቂት ቀናት በፊት በስልክ ቁጥር 811 መደወል። የጋዝና የመብራት መስመር የት እንደተቀበረ መጥተው ያለክፍያ ምልክት ያደርጋሉ።

• የሚበላ ነገር የሚተከል ከሆነ አፈሩን ማስመርመር። በቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ መጠቀም በአሜሪካ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለሆነ፣ በአሮጌ ቤቶች ዙሪያ ያለው አፈር ሊመረዝ ይችላል። በየግዛቱ ካለው ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራው የግብርና ምክር ጽሕፈት ቤት የት እንደሚመረመር ይነግራችኋል።

• በትንሹ መጀመር። በደንብ የተያዘ አንድ መደብ ከተተዉ አሥር መደቦች ይሻላል።

• ከመትከል በፊት የውሃ ተራ ማውጣት። በየሳምንቱ የማን ተራ እንደሆነ ስሙ ካልተጻፈ ሁሉም ሌላው ያጠጣል ብሎ ይተኛል።

የአንድ ሰፈር ሰው ከእኛ ጋር የሚተዋወቀው ሁልጊዜ በስብሰባችን አይደለም። እሑድ ጠዋት መኪና ማቆሚያ ስናጣብብበት ብቻ የሚያውቀን ጎረቤት፣ ቅዳሜ ደግሞ ከበሩ ፊት ያለውን አረም ስንነቅል ቢያየን ነገሩ ይለወጣል። ምናልባትም ጓንቱን አድርጎ፣ ጎማውን ስቦ ይመጣል። ክበቦቹ ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩት በዚህ መንገድ ነው፦ አንዱ ሲቆፍር ሌላው አይቶ እየተጨመረ።