አሳሳች የዶሜይን እድሳት ደብዳቤ

አሳሳች የዶሜይን እድሳት ደብዳቤ የክፍያ መጠየቂያ መስሎ በፖስታ የሚላክ የሽያጭ ማስታወቂያ ነው። ዓላማው የድረ ገጽ ባለቤት የዶሜይን ስሙን ካስመዘገበበት ድርጅት (መዝጋቢ) ወደ ላኪው እንዲያዛውር ማድረግ ነው።

አሠራር

የዶት ኮም ስም የሚመዘገበው ከ1 እስከ 10 ዓመት ስለሆነ በየጊዜው መታደስ አለበት። የባለቤቱ ስም፣ የፖስታ አድራሻና ምዝገባው የሚያበቃበት ቀን «ሁዊዝ» በተባለው መዝገብ ለማንም ክፍት ሆኖ ቆይቷል፤ ላኪዎቹም መረጃውን ከዚያ ይወስዳሉ። ቀኑ ትክክል በመሆኑ ደብዳቤው ይታመናል። የክፍያ መጠየቂያ አለመሆኑ ግን በደቃቅ ጽሑፍ ይገለጻል። ከፋዩ ስሙን ያሳደሰ ይመስለዋል እንጂ የተስማማው ለዝውውር ነው፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው። ዝውውሩ ሳይሳካ ቀርቶ ስሙ በቀድሞው መዝጋቢ ዘንድም ካልታደሰ ድረ ገጹና ኢሜይሉ ይቋረጣሉ።

ታሪክ

ታዋቂው ምሳሌ «ዶሜይን ሬጅስትሪ ኦቭ አሜሪካ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባቀረበው ክስ ፍርድ ቤት ድርጅቱን ደንበኞች ከማሳሳት አገደው። በ2014 የዶሜይን ስሞችን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው አይካን ከእርሱ ጋር የተያያዘውን መዝጋቢ ብራንደን ግሬይን ለጊዜው አገደ። ከ2018ቱ የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ወዲህ የአብዛኞቹ ግለሰቦች አድራሻ በሁዊዝ አይታይም።

በኢትዮጵያ

የዶት ኢቲ ስሞችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ የዶት ኮም ስም ግን ከውጭ አገር መዝጋቢም ይገዛል። በመሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን የመጣ ደብዳቤ ስሙን ካስመዘገበው ባለሙያ ይልቅ ሒሳብ ክፍል ሊደርስ ስለሚችል፣ የመዝጋቢውን ማንነት በጽሑፍ መያዝና እድሳቱን በራሱ በመዝጋቢው ድረ ገጽ መፈጸም ይመከራል።